ቦርሳዎቹ እንኳን ደኅና ዋሉ

እትየ ደብሬ ማረፋቸውን የሰማሁት ከትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ገጽ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል ስልኬን ከፈትኩ። «ታታሪዋ፣ ተወዳጇና የተማሪዎች እናት የነበሩት መምህርት ደብሬ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ይላል። ከጽሑፉ በላይ ፎቷቸው አለ፤ ነጭ ቲሸርት ለብሰው፣ ዓይናቸውን ከፀሐይ በእጃቸው ከልለው። ከታች ርዕሰ መምህሩ «ከልብ የመነጨ ሐዘን» ብሎ ስሙን አስፍሯል።

ሐዘን ብቻ ቢሆን አለቅስ ነበር። የያዘኝ ግን ንዴት ነው። ከድካማቸው ግማሹን ያሸከማቸው እሱ ነው። የቀረውን እኔና ስድስት ባልደረቦቼ በፊርማችን ጨመርንበት። አሁን ሁላችንም ከፎቷቸው ሥር የሻማ ምልክት እየደረደርን ነው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ክፍል ገባሁ፤ ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

እትየ ደብሬ እኛ ፍኖተ ሰላም በምናስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ የሚመስሉ፣ ግን ማንም የማይደርስባቸው ሴት። ትውልዳቸው ከቡሬ አጠገብ፣ ከአገው ቤተሰብ ነው። አማርኛቸው ከማናችንም የተባ ነበር፤ ሲናደዱ ግን በአገውኛ ይቆጥራሉ። ተማሪዎቹ ትርጉሙን ባያውቁትም አምስተኛው ቁጥር ሳይደርስ መስተካከል እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

የእግር ጉዞ ክበቡን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ይዘው ይወጣሉ፤ አንዴ ወደ ማንኩሳ ገጠር፣ አንዴ ወደ ወንዝ፣ አንዴ ወደ ጋራ። «ካርታ ወረቀት ላይ አይጠናም፤ በእግር ነው የሚነበበው» ይላሉ። ቅዳሜ ለመውጣት የፈለገ ሁሉ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለፍተሻ መቅረብ ነበረበት። ቦርሳውን ያላስፈተሸ አይሄድም። ተማሪ ይሁን መምህር፣ ልዩነት የለም።

በመጀመሪያው ዓርብ እኔም ቦርሳዬን ይዤ ቀረብኩ። ገና መቀጠሬ ነበር፤ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ስለ እግር ጉዞ ፊልም ላይ ካየሁት በቀር የማውቀው የለም። እትየ ደብሬ ቦርሳዬን ተቀብለው በአንድ እጃቸው መዘን አደረጉና ምንም ሳይሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ጃንጥላ፣ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ፣ በፌስታል የታሰረ ወጥ፣ ሽቶ፣ ወፍራም ጋቢ፣ የዚያኑ ሳምንት የገዛሁት አዲስ የቆዳ ጫማ። ተማሪዎቹ ሣቁ።

«ይህ ሁሉ ለሙሽራ ነው ለመንገደኛ?» አሉኝ።

«ምናልባት ብርድ ቢኖር ብዬ ነው፣ እትየ።»

«ጋቢ ሲደርቅ ልብስ ነው፤ ሲርስ በግ ተሸከምክ ማለት ነው። ጃንጥላ ገደል ላይ ነፋስ ሲያገኘው አንተን ይዞህ ይሄዳል። ለስላሳ ጥምን ይጠራል እንጂ አያባርርም። ይህን ደግሞ» ጫማውን አንሥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ «ሰኞ ክፍል ውስጥ አድርገው። እግርህ ያልለመደውን ጫማ ዳገት ላይ ልታለማምደው ነው?»

ከዚያ አብረውኝ መረጡ። ሁለት ሊትር ውሃ በፕላስቲክ። በሶ ከስኳር ጋር የተለወሰ፤ ቆሎ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ቁንጥር ጨው። ቀጭን ሹራብና ትርፍ ካልሲ፣ ሁለቱም በፌስታል ታስረው። ባትሪ፣ ክብሪት፣ ፋሻ። ፊሽካ። ሰው የሚያስጠልል ላስቲክ።

«አባቴ ከቡሬ ዓባይን ተሻግረው ወለጋ ድረስ በአጋሰስ ይነግዱ ነበር» አሉኝ እየከተቱ። «የጭነት ጥፋት ከቤት ይጀምራል፣ ዳገት ላይ ይታያል ይሉኝ ነበር። ከባዱ ጀርባህን ተጠግቶ ከፍ ይበል። ቀላሉ ከሥር። ዝናብ ቀጠሮ ስለማያከብር ላስቲኩ ምንጊዜም ከአፉ ላይ ነው፤ ሲዘንብ ቦርሳ አይበረበርም።» ዚፑን ዘጉና ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «ኩራትህን ደግሞ ቤት ተወው። ቦታ ይይዛል።»

ለእሳቸው ቦርሳ ቀልድ አልነበረም። አንድ ጊዜ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ላስቲክ ጫማ ላደረጉ ልጆች የሚሆን ጫማ ከከተማው ሰው እንሰብስብ ብለው ጠየቁ። አንድ የኮሚቴ አባል ተነሥቶ፣ «እትየ፣ አያስቡ፤ እነዚህ የገጠር ልጆች ናቸው፤ እግራቸው ለምዷል» አለ።

እትየ ደብሬ ሰውየውን ቁልቁል እስከ ጫማው ድረስ አዩት። የተወለወለ ጫማ ነበር።

«የለመደ እግር አያምም ብሎ የነገረዎት ማን ነው?» አሉት። «እግሩን ጠይቀውታል?»

ሰውየው ተቀመጠ። ወር ሳይሞላ መምህራን ክፍል ውስጥ ያለችው አረንጓዴ የእንጨት ሣጥን አሮጌ ግን ደኅና በሆኑ ጫማዎች ሞላች። የክበቡ ገመድ፣ ላስቲኮችና ፊሽካዎችም እዚያው ይቀመጡ ነበር። ቁልፏ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥላ ትውላለች።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ርዕሰ መምህሩ አዲስ የመጣ ሰው ነበር። የእግር ጉዞ ክበቡ «ሞዴል ክበብ» እንዲባልለት ፈለገ። በግንቦት መጨረሻ ከበላይ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ከቡሬ ማዶ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ውስጥ ያለውን ፏፏቴ ከተማሪዎቹ ጋር እንደሚያዩ ተነገረን። እትየ ደብሬ ደስ አላቸው። የጎደለውን በደብዳቤ ጻፉ፤ ሠላሳ ሁለት ተማሪ ስለሆነ የዝናብ ላስቲክ፣ ረዘም ያለ ገመድ፣ ፋሻ ያስፈልጋል ብለው። ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ካርቶን መጣ። ከፍተን ስናየው ነጭ ቲሸርት ነው። ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል «ተፈጥሮን እንወቅ» የሚል ጽሑፍ።

«ላስቲኩስ?» አሉ እትየ ደብሬ።

«ፀሐይ ነው እኮ፣ እትየ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ደግሞ በጀቱ አንድ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ተነሣን። ሠላሳ ሁለቱም ልጆች ዓርብ ቦርሳቸውን አስፈትሸዋል። ቡሬን አልፈን መኪናው የሚቆምበት ስንደርስ ልጆቹ ቦርሳቸውን አነገቡ። ያኔ ርዕሰ መምህሩ አጨበጨበ።

«ቦርሳ አያስፈልግም! ሁላችሁም አውቶቡሱ ውስጥ ተዉት። የጀርባው ጽሑፍ ፎቶ ላይ መታየት አለበት። ምሳም ስንመለስ እዚሁ እንበላለን።»

እትየ ደብሬ የሰሙትን ያመኑ አይመስሉም። ጠጋ ብለው በዝግታ፣ «ውሃቸውና ልብሳቸው እዚያ ውስጥ ነው» አሉት።

«ደርሰን ለመመለስ አራት ሰዓት ቢፈጅብን ነው እኮ።»

«መሄዱን እኛ እናውቃለን። መመለሱን የሚያውቀው ሰማዩ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሣቀ። ርዕሰ መምህሩ ያ ሣቅ አሳፈረው መሰለኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እትየ ደብሬ፣ ገበያ አይደለም የምንሄደው! ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው» አለ። በልጆቹ ፊት።

በአገውኛ መቁጠር ጀመሩ። አምስት ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ልጆቹን ለማስቀረት አሰቡ፤ ግን ግማሾቹ ከእንግዶቹ ኋላ መውረድ ጀምረው ነበር። የራሳቸውን ቦርሳ አነገቡና ተከተሉ። «እርስዎም ይተዉት» ሲላቸው፣ «የእኔን ጀርባ የሚያነብ የለም» አሉት።

እኔስ? እኔ ቦርሳዬን አውቶቡስ ውስጥ ተውኩ። ከአለቃዬ ጋር ፊት ለፊት መጋጨት ስላልፈለግኩ።

ቁልቁለቱን በአንድ ሰዓት ተኩል ወረድን። ፏፏቴው አጠገብ ለመድረስ አንዲት ትንሽ ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጥን ተሻገርን። ፎቶ ተነሣን። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደረደሩ፤ ጽሑፉ በደንብ ታየ። እንግዶቹ ወዲያው ደከማቸው። ቡሬ ሆቴል ምሳ ታዝዞላቸው ስለነበር ርዕሰ መምህሩ ይዟቸው ወጣ። «ልጆቹ ትንሽ ይዝናኑ፤ እናንተ አምጧቸው» ብሎን ሄደ። ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ እትየ ደብሬና እኔ ቀረን።

ስምንት ሰዓት ገደማ ከላይ፣ ከደጋው በኩል፣ ሰማዩ ጠቆረ። እትየ ደብሬ ቀና ብለው አዩና ፊሽካቸውን ነፉ። «ውጡ! አሁን!» ልጆቹን ሰብስበን ወንዟ ዘንድ ስንደርስ ግን ድንጋዮቹ ጠፍተዋል። ውሃው ቡና መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ስስ ነጭ ቲሸርት ለብሰው የሚንቀጠቀጡ ልጆችን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ዛሬም ጥርሳቸው ሲፋጭ ይሰማኛል።

ሁለት ትልልቅ ልጆች ለመሻገር ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። እትየ ደብሬ ከፊታቸው ቆሙ።

«እትየ፣ እንዋኛለን! ሄደን ሰው እንጥራ!»

«ወንዝ ይጎድላል፤ የወሰደውን ሰው ግን አይመልስም። ተመለሱ።»

በዚህ መሐል እመቤት የምትባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጭቃው አንሸራትቷት ከድንጋይ ላይ ወደቀች። እግሯ ተሰበረ። ጩኸቷ ከፏፏቴው ድምፅ በላይ ነበር።

የእትየ ደብሬ ቦርሳ ያን ጊዜ ተከፈተ። ላስቲኩ ከአፉ ላይ ነበረ። ከአንድ የዋሻ አፍ ከሚመስል አለት ሥር አስገቡንና ላስቲኩን በገመድ ወጠሩት። ትንንሾቹን መሐል፣ ትልልቆቹን ዳር አስቀመጡ። የእመቤትን እግር በዱላቸውና በፋሻ አስተካክለው አሰሩ፤ ሹራባቸውን አልብሰው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስደገፏት። ለሁሉም ልጅ በየተራ አንዳንድ ማንኪያ በሶ አጎረሱ። እሳቸው ሲበሉ አላየሁም። ፊሽካውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ንፋ። ሦስት ጊዜ ነፍተህ ዕረፍ፤ እንደገና ንፋ። እንዳታቆም።»

«የሚሰማ አለ?»

«ከላይ አራሽ አለ፣ ከብት ጠባቂ አለ። አገሩ ባዶ መስሎህ ነው?»

ከንፈሬ እስኪደማ ነፋሁ። ሰሙን። ዝናቡ ሲያባራ ስድስት ገበሬዎች መጫኛ ይዘው ከማዶ ቆሙ። ውሃው እስኪጎድል አብረውን ጠበቁ፤ ከዚያ መጫኛውን ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ልጆቹን አንድ በአንድ አሻገሩ። ለእመቤት ቃሬዛ ሠርተው ዳገቱን ተሸክመዋት ወጡ። ከላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

አውቶቡሱ እዚያው ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ ከምሳው ተመልሶ በር ላይ ይንጎራደዳል። ከውስጥ፣ ወንበሮቹ ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ቦርሳ ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ ተደርድሯል። ውሃው ሞልቷል፤ ሹራቡ ተጣጥፏል፤ በሶው አልተነካም።

እትየ ደብሬ ፀጉራቸው ከግንባራቸው ተጣብቆ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ቦርሳዎቹ እንኳን ደኅና ዋሉ» አሉት።

 እመቤትን ቡሬ ሐኪም ቤት አድርሰው እናቷ እስክትመጣ ከአጠገቧ አልተነሡም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለሰው ስናገር የሚያምነኝ የለም። የእመቤት ቤተሰብ ማን ነው ጥፋተኛው ብለው ጠየቁ፤ መጠየቃቸው ደግ። እኔም ያለሁበት የመምህራን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤውን አስቀድሞ አዘጋጅቶት ነበር። «የክበቡ ኃላፊ ለጉዞው አስፈላጊ የሆነውን ቁሳቁስ ሳያሟሉ በመውጣታቸው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ናቸው» ይላል። ቁሳቁስ ሳያሟሉ! እሳቸው!

እትየ ደብሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ቦርሳዎቹን አውቶቡስ ውስጥ ተዉ ያለው ማን ነው?»

የተሰበሰቡት ሁሉ እኔን አዩኝ። በስፍራው የነበርኩት መምህር እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ባሕር ዳር ትሠራ ስለነበር ዝውውር ጠይቄ የድጋፍ ደብዳቤዬ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እስክሪብቶዬን አየሁ። ከዚያ ፈረምኩ። ሰባት ሰው ፈረመ።

ዝውውሬ ግን አልተፈቀደም። ይገባኛል።

እትየ ደብሬን ከክበቡ አነሧቸው፤ በክረምቱም ከቡሬ ወዲያ ከመኪና መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወደሚያስኬድ ትምህርት ቤት አዛወሯቸው። በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው። አንድም ሰው አልሸኛቸውም። የሣጥኗን ቁልፍ ከማተባቸው ፈትተው ለጥበቃው ሰጥተው ሄዱ።

በዓመቱ ላያቸው ሄድኩ። ስደርስ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ከሩቅ ቀበሌ የሚመላለሱትን ልጆች አሰልፈው ደብተራቸውን በላስቲክ ያስጠቀልሉ ነበር። ሲያዩኝ «ዳምጤ! ምነው ከሳህ?» ብለው ሳሙኝ። ይሄ ይባስ አሳመመኝ። ከግድግዳው ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ፈሪነቴ። ይቅር እንዲሉኝ ለመንኩ።

«አንተን ይቅር ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ብያለሁ» አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። «ይቅርታው የሚጠቅመው ለአንተና ለእኔ ነው። ወረቀቱስ? እዚያው ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ነገ አንድ አዲስ ሰው ይከፍተውና ደብሬ ልጆችን ያለ ውሃ ገደል ያወረደች ሴት ናት ብሎ ያነባል። ቦርሳ ተዉ ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ ቦርሳ ያስጥላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው እንጂ የእኔ ከዚህ መምጣት አይደለም። እዚህም ልጅ አለ።»

«አስተካክላለሁ፣ እትየ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

«በቅርቡ» አሉ፤ ቃሉን በምላሳቸው እያገላበጡ። «እሺ።»

ስምንት ወር አለፈ። ርዕሰ መምህሩ ሊቀየር ነው ሲባል ጠበቅኩ፤ አልተቀየረም። ፈተና ይለፍ አልኩ፤ አለፈ። እትየ ደብሬ ለአንድ ሳምንት ታመው፣ ከዚያ ገጠር ወደ ሐኪም ቤት የሚያወርዳቸው መኪና እስኪገኝ ሁለት ቀን ቆይተው፣ መንገድ ላይ አረፉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ። ስለ እትየ ደብሬ ታታሪነት ተናገረ፤ «ተፈጥሮን እንድናውቅ ያስተማሩን» አለ። ከዚያ፣ «ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንነሣ» አለ።

ሁሉም ተነሣ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

«መምህር ዳምጤ፣ አመመህ?»

«አላመመኝም። የኅሊና ጸሎት ከሆነ ኅሊናዬ ያለውን ልናገር።»  «እትየ ደብሬ ቁሳቁስ አላጓደሉም። የሠላሳ ሁለቱንም ልጆች ቦርሳ ዓርብ ፈትሸዋል። ቦርሳውን አውቶቡስ ውስጥ ተዉ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። አውቄ በሐሰት ፈርሜያለሁ። ፊርማዬን አንሥቻለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ የዛሬ አጀንዳ አይደለም። ደግሞስ የሞተ ሰው ፋይል ተዘግቷል!»

«የሞቱት እሳቸው ናቸው። የፈረምነው አለን።»

 ከዚያ ከኋላ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። የስፖርት መምህሩ ተቀመጠ። «እኔም ፈርሜያለሁ» አለ፤ «ሳላነበው።» የሒሳብ መምህሯ ቀጠለች፤ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከፈረምነው ከሰባታችን ሦስታችን ተቀምጠናል፤ ሌላው ሰው እንደቆመ ነው።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ስመኝ ናት፤ ያን ጊዜም የያዘችው እሷ ነበረች። እስክሪብቶዋን ይዛ ርዕሰ መምህሩን አየችው።

«ይህን ልመዝግበው?»

«አይመዘገብም!»

ወደ እኔ ዞረች።

«ጻፊው» አልኳት። «ቦርሳ ተዉ ያለው ማን እንደሆነ ከነስሙ ጻፊው።»

ስመኝ ተቀመጠች። አዲስ ገጽ ገለጠች፤ ከላይ ቀኑን አሰፈረች፤ ከሥሩ ስሙን ጻፈች።